ጣት ካልታዘዘ ፍሬን አይታዘዝም

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት አህያ መንገድ ልታቋርጥ ስትገባ አየኋት። ርቀቱ በቂ ነበር፤ ፍጥነቴም ያን ያህል አልነበረም። ፍሬን መያዝ እንዳለብኝ ወዲያው ገብቶኛል። ጣቶቼ ግን አልሰሙኝም። እጄ መሪው ላይ የደረቀ እንጨት ሆኖ ነበር። እንደምንም በእግር ፍሬኑ አቀዝቅዤ አህያዋን በስንዝር አለፍኳትና ከመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ በሳጥን የጫንኩት ዳቦ ገና ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እንደ ሕፃን ልቅሶ እየዳዳኝ ቆሜያለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ኢኮኖሚክስ ነው የተመረቅኩት። ጠዋት ጠዋት በአጎቴ ሞተር ሳይክል ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ። ሁለቱም ሥራ በጣት ነው የሚሠራው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብርድን የምቾት ጉዳይ አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከፍሬንና ከጎማ እኩል አየው ጀመር። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፦ በብርድ ሀገር ሞተር የሚነዳ ሰው በትንሽ የኤሌክትሪክ ሥራ እጁን ማሞቅ ይችላል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን በጀቱን መሥራት አለበት። ወጪውንም ብቻውን መሸከም የለበትም።

ብርሃን እንጂ ሙቀት አልተባለም

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟ ብርሃን እንጂ ሙቀት አልገባልንም፤ ስለዚህ ማንንም መክሰስ አንችልም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችውም ያለ ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ደግሞ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የመሃል ሜዳ፣ የደባርቅና የጎባ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?» እንደሚሉ አውቃለሁ።

አዲስ የሚሆነው በሞተር ላይ ስትቀመጡ ነው። ቆሞ የሚበርደው ሰውና እየነዳ የሚበርደው ሰው አንድ አይደሉም። አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ ንፋሱ ከተጋለጠ ቆዳ ሙቀት የሚነጥቅበት ፍጥነት አየሩ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ የሆነ ያህል ነው። ሰውነታችን ሲበርደው ደግሞ መጀመሪያ የሚያድነው ልብና ሳንባን ነው፤ ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙት ጣቶች መጀመሪያ የሚተዉት ለዚህ ነው።

ትንሽ ስሌት እንሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ መሄድ ማለት ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ለመያዝ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ ሞተሯ ምንም ሳትቀዘቅዝ 7 ሜትር ሄዳለች። ያቺ አህያ ከእኔ የነበራት ርቀት በመጨረሻ ስንት እንደነበር ነግሬያችኋለሁ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ እኮ በዚህ ብርድ በቅሎ ላይ ያለ ጓንት ነው ያደግነው!» አለኝ። «ጋሼ፣ በቅሎ እኮ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አትሄድም፤ አህያም ስታይ ራሷ ትቆማለች» አልኩት። ዝም አለ። ብርድ መቻልን እንደ ጀግንነት የማየት ነገር ከልጅነታችን አብሮን ያደገ ነው። ችግሩ ጀግንነት ነርቭን አያሞቅም። የደነዘዘ ጣት የጀግናም የፈሪም እኩል ነው የሚዘገየው።

ከሁሉ በፊት ንፋሱን ዝጉ

ስለ ኤሌክትሪክ ከማውራቴ በፊት፣ አንድ ዋት የማይበላውን ነገር ልንገራችሁ። እጅን የሚገድለው ከአየሩ ይልቅ ንፋሱ ነው። የሱፍ ጓንት ብቻውን ንፋስ አያስቆምም፤ በወንፊት ውኃ እንደመቅዳት ነው። ከላዩ ንፋስ የማያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ሞተረኞች ፌስታል ያጠልቃሉ። ለአጭር መንገድ ይሠራል፣ ለረጅም ግን ላቡ ውስጥ ይቀርና መልሶ ያቀዘቅዛል፣ ደግሞም ያንሸራትታል።

የተሻለው መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ ሽፋን ነው። ሸራና ወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ወደ ልብስ ሰፊ ብትሄዱ በአንድ ቀን ይሰፋላችኋል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ በሉት፦ እጅ የሚገባበት አፉ ድርቅ ብሎ ክፍት ሆኖ ይቁም፣ ጨርቁም የፍሬኑን ወይም የፍሪሲዮኑን እጀታ እንዳይጫን። ከዘይት ጀሪካን ቆርጠው የእጅ መከለያ የሚሠሩም አሉ። አይቼዋለሁ፣ ያምራል ባልልም ይሠራል። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ የትም እንደማይነካ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ንዱበት።

ይህን አድርጋችሁ እጃችሁ ደህና ከሆነ፣ በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሙ። የቀረውን ገንዘባችሁን ለጎማ አውሉት። የማይፈለግ ነገር መግዛት ኢኮኖሚክስ ያስተማሩኝ ሰዎች የሚወዱት ነገር አይደለም። ለእኔ ግን አልበቃም። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የምነዳው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪኩ ገባሁ፤ የገባሁትም በተሳሳተ በር ነበር።

ቆጥ አወርድ ብዬ

ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ በመያዣው ጎማ ስር የሚጠቀለል ቀጭን የማሞቂያ ንጣፍ ይዞልኝ መጣ። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ፤ ሰውዬው በአራት ደቂቃ ጨረሰው። እኔም ቤት ውስጥ የተገኘ ቀጭን የስፒከር ሽቦ ወስጄ፣ ማሞቂያውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን ገነት ነበር። ትኩስ ሻይ በሁለት እጅ እንደመያዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ማጥፋት ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሞተሯ ትንፍሽ አላለችም። ዳቦ ተጭኖ በውርጭ ውስጥ ስገፋት፣ እጄ ሳይሆን መላ ሰውነቴ ሞቀ። ሁለት ሱቆች «አረፈድክ» ብለው በዚያ ቀን ከሌላ ዳቦ ቤት ወሰዱ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። እጄን ላሙቅ ብዬ የቀን ገቢዬን ጣልኩ።

ከሁሉም የባሰው ግን ከሳምንት በኋላ መጣ። እየነዳሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቆሜ ወንበሩን ሳነሳ፣ ያ ቀጭን ሽቦ በሻንሲው ጠርዝ ላይ ሲፋተግ ቆይቶ ልባሱ ተልጧል፤ ብረቱን ሲነካ ግሎ ቀልጧል። ሽቦው ራሱ ማሞቂያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። የት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው? ልክ ከነዳጅ ታንከሩ ስር።

ወደ ከተማችን አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወሰድኩት። ሽቦውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ይሄ ለዘፈን ነው እንጂ ለእሳት አይደለም። ፊውዙስ የት አለ?» አለኝ። ፊውዝ የለም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ስንቴ ሰምቼ ስንቴ ጽፌዋለሁ መሰላችሁ! ፊውዝ ማለት እኮ ያ ቅጠል ነው።

የዋት በጀት

ያ ባለሙያ ያስተማረኝን ስሰማ ዩኒቨርሲቲ የተመለስኩ መሰለኝ። ነገሩ የቤት በጀት ነው። ገቢ አለ፣ ወጪ አለ፣ ቁጠባ አለ። ገቢው ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው የሚያመነጨው ዋት ነው። ወጪው መብራቱ፣ ማቀጣጠያው፣ ጥሩምባው ነው። ቁጠባው ባትሪው ነው። ከገቢ በላይ የሚያወጣ ቤት ከቁጠባው ይበላል፤ ቁጠባው ሲያልቅ ጠዋት የምትገፋው አንተ ነህ።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ ዋት እኩል ይሆናል ቮልት ሲባዛ በአምፒር። የሞተር ሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ነው። 30 ዋት የሚበላ ማሞቂያ 30 ለ 12 ሲካፈል 2.5 አምፒር ይጎትታል። ትንሽ ይመስላል። የትንንሽ ሞተሮች ባትሪ ግን ራሱ ትንሽ ነው። 5 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ብትወስዱ፣ በወረቀት ላይ ይህን ማሞቂያ የሚያቆየው ለሁለት ሰዓት ነው። በእውነቱ ከዚያ በጣም ቀድሞ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል፤ ብርድ ደግሞ የባትሪን አቅም ራሱ ይቀንሳል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ነበር ያበራሁት፤ አስቡት።

አሁን ገቢውን እንይ። እኛ ሀገር የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ሞተሮች ናቸው። ዲናሟቸው እንደ ትልልቆቹ የረጅም ጉዞ ሞተሮች ብዙ መቶ ዋት አያመነጭም። የየራሳችሁን ከመመሪያ ደብተሩ ላይ እዩ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ እየነዳችሁ 90 ዋት ታገኛላችሁ እንበል። የፊት መብራቱ 35 ዋት ይወስዳል። የኋላው 5። ማቀጣጠያውና የሰሌዳው አምፖሎች 15 እንበል። 55 ዋት ሄደ፣ 35 ቀረ። ማሞቂያው 30 ቢበላ 5 ዋት ተረፈ። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ የፍሬን መብራቱ 21 ዋት ይጠይቃል። ሞተሩ በቆመበት ቀስ ብሎ ሲዞር ገቢው በጣም ይወርዳል። ማለትም መንገድ ላይ ሚዛኑ ለጥቂት ይጠበቃል፣ መብራት ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ ግን ብድር ውስጥ ናችሁ። ቁጥሩ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ አካሄዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ገቢ መጨመር ካልቻልን ወጪ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ኤልኢዲ አምፖል ይመጣል። ጥሩ የፊት መብራት ኤልኢዲ ከ35 ዋቱ አምፖል በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ዋት ያበራል። የተረፈውን ለማሞቂያው መስጠት ይቻላል። ግን ቆይ! ሁሉም ሞተር ላይ እንዲህ ቀላል አይደለም። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ነው የሚበራው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ለባትሪ የተሠራ ኤልኢዲ ብታስገቡ ሊርገበገብ ወይም ቶሎ ሊቃጠል ይችላል፤ የቆጠባችሁትም ዋት ወደ ባትሪው መስመር ላይሄድ ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና የፊት መብራቱን አብሩ። ካልበራ፣ ሲነሳም ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር እየደመቀ ስትተዉት የሚፈዝ ከሆነ፣ መብራታችሁ በቀጥታ ከዲናሞው ነው። ያኔ ኤልኢዲውን ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ሳይነሳ ከበራ ደግሞ ከባትሪው ነው፤ ቁጠባው ይሠራላችኋል። ርካሽ ኤልኢዲ ብርሃኑን በየአቅጣጫው እየበተነ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር እንደሚያሳውር ግን አትርሱ። የእኔ እጅ ሞቆ የሌላው ዓይን ቢጠፋ ምን ዋጋ አለው? ሌላም አለ፦ ኤልኢዲ እንደ አሮጌው አምፖል መስታወቱን አያሞቅም፣ ስለዚህ ጠዋት ያረፈበትን ውርጭ በእጃችሁ ጥረጉት።

እንዴት ይሠራ?

አሁን የእኔ ሞተር ላይ ያለውን ልንገራችሁ። አንድ እቃ የሚያውቅ ሰው በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ራሳችሁ የማትችሉ ከሆነም ይህን ስልካችሁ ላይ አሳዩትና «እንዲህ አድርግልኝ» በሉት።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው ሽቦ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ማግኘት አለበት። ለ2.5 አምፒር ማሞቂያ 5 አምፒር ፊውዝ ይበቃል። «እየተቃጠለ አስቸገረኝ» ብላችሁ 20 እንዳታደርጉት፤ ፊውዝ የሚቃጠለው የሆነ ነገር ሊነግራችሁ ፈልጎ ነው።

ቀጥሎ ሪሌ አለ። ሪሌ ማለት በትንሽ ከረንት የሚታዘዝ፣ ትልቁን ከረንት የሚያሳልፍ በር ጠባቂ ነው። ትእዛዙን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከረንት ከሚያገኝ መስመር ይወስዳል። ቁልፉን ስትነቅሉ ማሞቂያው አብሮ ይጠፋል። የእኔ ዓይነት ረሺ ከዚህ በኋላ ሞተር አይገፋም።

ሽቦው ባለ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ተጣጣፊ ይሁን። ኔጋቲቩን ዝገት ከያዘው ሻንሲ ጋር ከማሰር ወደ ባትሪው መልሱት። በሻንሲው ጠርዝ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ሳምንት ነው፤ የሞተር ንዝረትና ዝናብ ይፈቱታል። በመቆንጠጫ የሚጨመቅ ማያያዣ ተጠቀሙ።

በመሪው ላይ ደግሞ ቀኝና ግራው አንድ አይደሉም። ቀኙ ነዳጅ መስጫ ነው፣ ይሽከረከራል። ሽቦው ሲዞር እንዳይወጠር ትርፍ ይኑረው። ከጨረሳችሁ በኋላ ነዳጁን ሙሉ ሰጥታችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ጠብ ብሎ ካልተመለሰ በፍጹም እንዳትነዱ። መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን አዙራችሁ ይህንኑ ድገሙት። ግራው መያዣ የሚቀመጠው በባዶ ብረት ላይ ስለሆነ ብረቱ ሙቀቱን ይሰርቃል። ማሞቂያውን ከማልበሳችሁ በፊት ብረቱን ሙቀት በሚችልና በማያስተላልፍ ነገር አንድ ዙር ጠቅልሉት። አለበለዚያ ቀኝ እጃችሁ በጋ፣ ግራ እጃችሁ ክረምት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ የምወደው እቃ፦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የቮልት መለኪያ። የባንክ አካውንት ቀሪ ሒሳብ ማያ በሏት። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። እየነዳችሁ ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ባትሪው እየተሞላ ነው። ማሞቂያውን አብርታችሁ፣ በመደበኛ ፍጥነት እየነዳችሁ ከ12.6 በታች ከወረደ፣ ከቁጠባ እየበላችሁ ነው፤ ዝቅ አድርጉት ወይም አጥፉት። እኔ ስነሳ ለአምስት ደቂቃ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ዝቅ። ቆሜ ስጠብቅ አጠፋዋለሁ።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ያላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእናንተ ዋናው ባትሪ 12 ቮልት አይደለም፤ 60 ወይም 72 ሊሆን ይችላል። የ12 ቮልት ማሞቂያ ከሱ ጋር በቀጥታ ማገናኘት እሳት መጥራት ነው። መብራቱን የሚመግበው ቮልት መቀነሻ ምን ያህል ትርፍ አቅም እንዳለው ሳታረጋግጡ ምንም አትንኩ።

ሒሳቡን ማን ይክፈል?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዋት ነው። አሁን ስለ ብር ላውራ፤ ዋናው ቁም ነገሬም እዚህ ነው።

ማሞቂያው፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦውና የባለሙያው እጅ ተደምረው ከአንድ ደህና ጫማ ዋጋ አልበለጠብኝም። ግን ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ በርካሹ ሠራሁት፣ ከዚያ የተቃጠለውን ነቅዬ እንደገና ሠራሁት። ለምን በርካሹ ጀመርኩ? ሰነፍ ስለሆንኩ ብቻ አይመስለኝም። ከራሴ ኪስ ስለነበር ነው። ከኪሱ የሚከፍል ምስኪን መጀመሪያ የሚቆርጠው የማይታየውን ነው። ማሞቂያው ይታያል፣ ይሞቃል። ፊውዙ አይታይም። ስለዚህ ፊውዙ ይቀራል።

ሞተር ተከራይቶ ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ልጅ ደግሞ አስቡ። ሞተሩ የሱ አይደለም፤ ለምን በሰው ሞተር ላይ ገንዘቡን ያፈሳል? ባለቤቱም ብርዱ አይነካውም፤ ለምን ያወጣል? ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ልክ ናቸው፤ ውጤቱ ግን የደነዘዘ እጅ ያለው ሞተረኛ በመንገዳችን ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ይህን ውጫዊ ወጪ እንለዋለን። ውሳኔውን የሚወስነው አንዱ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው። ዋጋው ደግሞ መንገድ የምታቋርጥ ተማሪ ልትሆን ትችላለች። አህያ ሁሌ አትሆንም።

የማድረስ ድርጅቶችም እዚህ ውስጥ አሉበት። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስለተጣለ፣ በከተማዋ የምናየው ሞተረኛ ብዙውን ጊዜ የሆነ ድርጅት ስም ጀርባው ላይ አለ። ማታ በ3 ሰዓት ምሳሌ የማይገኝለት ብርድ ውስጥ በርገር ይዞ በራችንን ያንኳኳል። ሳጥኑ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ ተሸፍኗል። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው፤ ስለ ልጁ እጅስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት እንዲያቀርብ ያዛል። ብዙ ሞተረኞች ግን «ሠራተኛ» ሳይሆኑ «አጋር» ወይም «ኮንትራት» ስለሚባሉ፣ አዋጁ በራቸው ድረስ አይመጣላቸውም። ስም ቢቀየርም ጣቱ ያው ጣት ነው።

«ለሦስት ወር ብርድ ይሄ ሁሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሦስት ወር የዓመቱ ሩብ ነው። ከዓመቱ ሩቡን ፍሬኑ በግማሽ የሚሠራ ሞተር ማን ይነዳል? «ድርጅቶቹ ወጪውን በእኛ በደንበኞቹ ላይ ይጭኑታል» የሚለኝም አለ። ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሞተር አንዴ የሚወጣ ወጪ ለብዙ መቶ ጉዞ ሲከፋፈል በአንድ ማድረሻ ላይ የሚጨምረው ሳንቲም ነው። ያን ሳንቲም እኔ እከፍላለሁ። እናንተም የምትከፍሉ ይመስለኛል፣ አሁን የማን እጅ በርገሩን እንደያዘ ካሰባችሁ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሞተር የሚያከራይ ሰው የእጅ ሽፋኑንና ማሞቂያውን እንደ ጎማና እንደ ዘይት የሞተሩ ወጪ አድርጎ ይያዘው። የማድረስ ድርጅት አንድ ባለሙያ ይቅጠርና የሁሉንም ሞተር በአንድ ዓይነት አሠራር፣ በፊውዝና በሪሌ፣ ያሠራ። አንድ ሰው ሃምሳ ሞተር ሲሠራ ሃምሳ ልጅ በየቤቱ በስፒከር ሽቦ ከሚሞክረው ይረክሳል፤ ይሄ በመጀመሪያ ዓመት የተማርነው ነገር ነው። እናንተ ሞተረኞች ደግሞ ንፋሱን ዝጉ፣ ዋታችሁን ቁጠሩ፣ ፊውዝ ሳይኖር ምንም አታገናኙ።

አጎቴ ባለፈው እሁድ ሞተሯን ለለቅሶ ተውሶኝ፣ የራሱን ሞተር ማለቴ ነው፣ ማልዶ ወደ ገጠር ሄዶ ነበር። ማታ ሲመለስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ያቺ ቀይ ማብሪያ...» አለኝ፣ «ማጥፋት ብረሳት ችግር አለው እንዴ?»

«የለውም ጋሼ» አልኩት። «ቁልፉን ሲነቅሉት አብራ ትጠፋለች።»